ጦርነት ሳሪስ የደረሰው ካለቀ በኋላ ነው

ያደግኩት በጦርነት ጊዜ ነው ስል ሰው ፊቴን ያየኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ የምን ጦርነት አየ? እውነት አላቸው። ምፅዋ ያደገ ሰው አለ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን ገበያ ውሎ ከአውሮፕላን ድብደባው የተረፈ ሰው አለ። እነሱ ባሉበት እኔ ስለ ጦርነት ላውራ ብል ያሳፍራል።

ግን በደርግ ማብቂያ ላይ ልጅ የነበርን፣ ከተማ ዳር ያደግን ሰዎችም የራሳችን የሆነ ነገር አለን። ብዙም አይወራም። ጦርነቱን በዓይናችን አላየነውም፤ ቤታችን ያልገባበት ቀን ግን አልነበረም። ስኳር ሲጠፋ ይገባል፣ አባቴ ሬዲዮ ሲከፍት ይገባል፣ የሆነ ጎረምሳ ከሰፈር ድንገት ሲታጣ ይገባል።

ሰፈራችን ሳሪስ ነው። ዛሬ ሳሪስን የሚያይ ሰው ከተማ ዳር ነበር ቢሉት አያምንም። ያኔ ከአቦ ቤተክርስቲያን አለፍ ካልክ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማህን ከእግርህ ያወልቀዋል። ማታ ጅብ ይጮኻል። በአንድ በኩል የደብረ ዘይት መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ደግሞ ፋብሪካ። አብዛኞቹ የሰፈር አባቶች የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ፒያሳ መሄድ «ከተማ መሄድ» ነበር የሚባለው፤ እናቴ ለዚያ ቀን የክት ልብሷን ትለብሳለች።

ስኳር በካርድ ነው ከቀበሌ ሱቅ የሚገኘው። «ስኳር ገብቷል!» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጨዋታው ሁሉ ይቆማል። ወረፋ የሚይዘው ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ ድንጋይ። እውነቴን ነው፣ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ያቺን ድንጋይ ደግሞ ማንም አይነካትም። ስኳሩ ያለቀ ጊዜ ሻይ በከረሜላ ይጠጣል። ከረሜላዋን በጥርስህ ያዝ ታደርግና ሻይውን ፉት። እኔ እንደውም በከረሜላ ይበልጥ እወደው ነበር። የቀበሌው በር ላይ በትልቁ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበርና ስኳራችንን ቃል በቃል ጭነው የሚወስዱት ይመስለኛል። ወታደሮቹ ሻይ የሚጠጡት በጣም አጣፍጠው ነው ብዬ ስቀናባቸው ነው የኖርኩት።

ስንቅ ግን በእርግጥ ይሄዳል። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሲጠራ እናቴ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ገብስ ይቆላል፣ በሶ ይፈጫል፣ ድርቆሽ ይደርቃል። ግቢው አካባቢ የሚያንዣብብ ልጅ ብዛቱ! የተሰባበረውን ድርቆሽ በእፍኝ ይሰጡናል። እናቴ ፀጉሯ በዱቄት ነጭ ሆኖ ትመጣለች። ወዳ ነው የምትሄደው ወይስ ስሟ ከመዝገብ እንዳይጎድል? ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ጠይቄያት ነበር። «የማን ልጅ እንደሚበላው በምን አውቃለሁ ብለህ ነው» አለችኝ። ይሄ መልስ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማታ ማታ ሬዲዮ አለ። አባቴ ዶይቸ ቬለን ይሰማል፣ የአሜሪካ ድምፅን ይሰማል፣ ሲመቸው ደግሞ የአማፂዎቹን ጣቢያ ይፈልጋል። ድምፁን ቀንሶ ጆሮውን ለጥፎ ነው ታዲያ። እኔና እህቴ ውጭ እንድንጫወት እንባላለን። በጨለማ! ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ እናውቃለን። አጥር ጥግ የሚቆም ሰው ካየን ጮክ ብለን መዝፈን ነው ሥራችን። ቤት ውስጥ የተሰማ ነገር ትምህርት ቤት እንደማይወራ ማንም አልነገረንም፣ ግን እናውቃለን። ያን ጊዜ ያደገ ልጅ ምን የት እንደሚባል ቶሎ ይለያል።

የኢትዮጵያን ካርታ በደንብ ያወቅኩት እንዲህ ነው፣ አማፂዎቹ በያዟቸው ከተሞች ስም። መጀመሪያ አፋቤት፣ መጋቢት 1980። በዓመቱ ሽሬ። የካቲት 1982 ምፅዋ። የዚያን ቀን አባቴ እራት አልበላም። እነዚህ ለኔ ሩቅ ስሞች ናቸው፣ «ሰሜን» የሚባል አንድ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ። በቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ነበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሻምበል» ነው የሚላቸው። የአባባ ተስፋዬን ተረት ለማየት ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ተረቱ አልቆ ዜና ሲጀምር እሳቸው ይነሱና «በሉ ልጆች፣ ወደየቤታችሁ» ይሉናል። ዜና አብሯቸው የሚያይ ሰው አይፈልጉም ነበር። ፊታቸውን እንዳናይባቸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አፈሳ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30። ወረቀቱ ላይ። ሰፈር ውስጥ ግን ዕድሜህን የሚቆጥርልህ የለም፤ ቁመትህ ነው የሚታየው። ረዘም ያለ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ካለህ እንቅልፍ የለህም። ቀበሌዎች ኮታ ይሰጣቸዋል፣ ኮታው መሙላት አለበት። ኳስ ሜዳ ይከበባል፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ይጠበቃል፣ ሌሊት በር ይንኳኳል።

እኛ ትንንሾቹ ደግሞ ዘበኞች ነን። ማንም አልሾመንም። መንገድ ላይ ብይ እየተጫወትን የአብዮት ጥበቃዎቹ መኪና ብቅ ሲል እናፏጫለን። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ የሚሆነውን ብታይ! በሮች ይዘጋሉ፣ ቆርቆሮ ይንኮሻኮሻል፣ ጎረምሳ የሚባል ዘር ከምድር ይጠፋል። ከኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ያለው ልጅ ኮርኒስ ውስጥ ነው የከረመው። ቀን ቀን እዚያ፣ ማታ ይወርዳል። ፀሐይ ሳያይ ቆይቶ ፊቱ ገርጥቶ ስናየው ፈራነው። ሌላው ደግሞ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ ነጠላ ተከናንቦ ጀሪካን ተሸክሞ ጥበቃዎቹ መሀል አልፎ ሄደ። አረማመዱ የሴት አልነበረም፣ አንደኛው ጥበቃ ዞር ብሎ አየው፣ ከዚያ ፊቱን መለሰ። አውቆ ነው የተወው ይላል ሰፈሩ። ምክንያቱም ያ ጥበቃም ልጅ ነበረው።

ታዲያ ይሄንኑ ጨዋታ አደረግነው። ሌባና ፖሊስ መጫወት ትተን አፋሽና ታፋሽ። የተያዘው በግንብ አጥር ሥር ተደርድሮ ይቀመጣል፣ «ካምፕ» ነው ቦታው። አንድ ቀን አንዲት እናት ስንጫወት አይታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እሷ በምታልፍበት ሰዓት አንጫወትም።

ያቺ እናት ልጇ ተይዞባት ነበር። የሰፈሩ ምርጥ በረኛ ነበር፣ ከልምምድ ሲመለስ ነው የወሰዱት። ምግብ ቋጥራ ቀበሌ ሄደች፣ ከቀበሌ ወደ ካምፕ ላኳት፣ ካምፕ ስትደርስ ተጭነዋል አሏት። ከመጨረሻው ደብዳቤ ወዲህ ምንም አልመጣም። ከጦርነቱ በኋላም አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም፣ መርዶ የሚያመጣው መንግሥት ራሱ የለማ! ስለዚህ ለቅሶም አልተቀመጠችም። የሱ ኳስ እኛ ጋ ቀርታ ነበር። እስክትቀደድ ተጫወትንባት።

1983 ላይ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ስሞቹ መቅረብ ጀመሩ። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ነቀምት። ነቀምት የአባቴ ጓደኛ አገር ስለሆነ ሩቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ሆኖ ነበር የሚማረው፣ እሱም ሄደ። ሲሄድ መጽሐፎቹን አልጋ ሥር ደርድሮ «እንዳትነኩብኝ» አለን። ነካንበት። የምህንድስና መጽሐፍ ስለሆነ ሥዕል ካልሆነ በቀር ምንም አላገኘንበትም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ግንቦት እና ማክሰኞ። ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ግንቦት 8 ቀን 1981፣ ማክሰኞ ነበር። መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥሎ የወጣው ግንቦት 13 ቀን 1983፣ ማክሰኞ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20፣ ማክሰኞ። ቀጥሎ የመጣውም ማክሰኞ አለ፣ እደርስበታለሁ። እህቴ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሁለተኛዋን ሳጥን ዘልላ ታልፍ ነበር፣ ገዷ አይደለችም ብላ። ሕጉ አይፈቅድም ብንላት አትሰማም።

መንግሥቱ መሄዱን በቀትር ሬዲዮ ነው የሰማነው። ሰፈሩ ዝም አለ። የደስታ ጩኸት አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ወጥቶ የሌላውን ፊት ያያል፣ ማን ምን እንደሚል ለመስማት። ጋሽ ሻምበል ግቢያቸው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ዋሉ። አባቴ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ገባ። በማግስቱ ሱቆች ተዘጉ። ሐሙስ ዕለት መሀል ከተማ የሌኒን ሐውልት መውረዱን ሰማን። እኔ ሌኒን ማን እንደሆነ በደንብ ባላውቅም ሐውልቱን ስለማውቀው አዘንኩለት፣ ከተማ በሄድን ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የማየው ሰውዬ ነው።

አርብ ማታ አውሮፕላን ይጮኽ ጀመር። ሳሪስ ለቦሌ ቅርብ ናት፣ የአውሮፕላን ድምፅ አዲሳችን አይደለም። ይሄ ግን አላቆም አለ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይደርሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቅዳሜም። እናቴ ሊደበድቡን ነው ብላ አልጋ ሥር አስገባችን፣ ስዕለት ተሳለች፣ የማታውቀው ጸሎት አልቀራትም። በኋላ ነው የገባን። ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ሲያጓጉዙ ነበር። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው። እኛ አልጋ ሥር ተኮራምተን የሰማነው ድምፅ ለሌላው ሰው የመዳን ድምፅ ነበር። እናቴ ስዕለቷን ግን አስገብታለች፤ ከቦምብ አልዳነችም የሚላት ካለ ይምጣ።

በዚያው ሳምንት ወታደሮች መምጣት ጀመሩ። ሲያሸንፉ በቴሌቪዥን የምናያቸው አልነበሩም። በእግራቸው ነው የሚመጡት፣ ሁለት ሦስት ሆነው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። በር ያንኳኩና «እናቴ፣ አሮጌ ልብስ ካለሽ፣ የሲቪል» ይላሉ። ክላሹን በእንጀራ የሚለውጥ ነበር። አባቴ ቤታችን መሣሪያ አይገባም ብሎ እምቢ አለ፣ ልብስ ግን ሰጠ። አንደኛው ልጅ እግር ወታደር የአባቴን ኮት ለብሶ እጅጌው ጣቱን አልፎ ተንዘላዝሎበት፣ «ጅማ በየት በኩል ነው?» አለ። አባቴ በጣቱ አሳየው። ጅማ ስንት ቀን እንደሚያስሄድ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፣ ተወው። ሲሄዱ እናቴ የቀረውን በሶ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ያው ያ የስንቅ በሶ፣ ከቀበሌ የተረፈው።

ግንቦት 20 ለሳሪስ ያን ያህል አልነበረም። ሌሊቱን ከቤተ መንግሥት በኩል ተኩስ ይሰማል፣ ረፋዱ ላይ በረደ። ከሰዓት በኋላ ታጋዮቹን አየናቸው። ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ጎፈሬ። ሴቶችም አሉ! እህቴ ከአጥሩ ልትወርድ አልቻለችም። ዓመታት ሙሉ ስንፈራቸው የኖርናቸው «ወንበዴዎች» እነዚህ ናቸው ማለት ነው። አንዷ ታጋይ ቀረብ ብላ ውኃ ጠየቀች። አማርኛዋ አይገጥምም፣ እኛም እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። ዕድሜዋ ከዚያ ከተወሰደው በረኛ አይበልጥም ነበር።

«በቃ፣ አለቀ» አለ አባቴ የዚያን ማታ። ሬዲዮውን ድምፁን ሳይቀንስ ከፈተ። ለኔ የጦርነቱ ማብቂያ እሱ ነው፣ የሬዲዮው ድምፅ።

ሳምንት ሞላ። ግንቦት 27፣ ማክሰኞ፣ ገና ሳይነጋ። መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነው። ክፍሉ ቀን ሆነ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ድምፅ ማለትም ይከብዳል፣ ደረትህን ነው የሚመታህ። የኮርኒሱ አቡጀዴ በላያችን ወረደ፣ መስኮቱ ረገፈ፣ በሩ ራሱን ከፈተ። አባቴ «ተጋደሙ!» ይላል፣ እናቴ «ተነሱ!» ትላለች። እኛ ግማሹን ተጋድመን ግማሹን ተነስተን በአራት እግር ወጣን።

ነፋስ ስልክ ያለው የጥይት መጋዘን ነው የፈነዳው። እንዳትረሱ፣ እዚያ አጠገብ ነው የምንኖረው። በአጥሩ ሥር ለዓመታት አልፈናል። እኔ ፋብሪካ ነበር የሚመስለኝ፣ አካባቢው ሁሉ ፋብሪካ ስለሆነ። ሰሜን ሰሜን ስንል፣ የሩቅ ከተሞች ስም ስንሸመድድ፣ ለካ ጦርነቱ ከጎናችን ተቆልፎበት ተቀምጦ ነበር። ከሕዝብ መሀል የጥይት መጋዘን ምን ይሠራል? መልስ የለውም። ያስቀመጡት ሰዎች አካባቢው ዳር ነው ብለው ይሆናል። ዳር ማለት ሰው የሌለበት የሚመስለው ባለሥልጣን በየዘመኑ አይጠፋም።

የሚወነጨፈው ነገር አላቆመም። አንዱ ይፈነዳል፣ ሌላውን ይለኩሰዋል፣ ሰማይ ላይ እያፏጨ ይሄዳል፣ የት እንደሚወድቅ አታውቅም። የደብረ ዘይት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰው ሆነ። ሁሉም ወደ ቃሊቲ። ጋቢ ብቻ የደረበ አለ፣ ባዶ እግሩን ያለ አለ፣ አንዲት አሮጊት ሁለት ዶሮ ታቅፈው ይሮጣሉ። ጋሽ ሻምበል በፒጃማ መሀል መንገድ ቆመው «በመንገዱ ጠርዝ! በጠርዝ በኩል ሂዱ!» እያሉ ሰውን ያስተናብራሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት ነገር የዚያን ቀን ለሰፈራቸው ጠቀመ። ቃሊቲ ስንደርስ የማናውቃቸው ሰዎች በር ከፍተው አስገቡን፣ ዳቦ ቆረሱልን። ሻይም አፈሉ። በስኳር!

ከመጋዘኑ አጠገብ የነበሩት እንደኛ አልሆነላቸውም። ቤት የተናደባቸው፣ ቤተሰብ ያለቀባቸው አሉ። በ1977 የኮረምን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንም ፍንዳታውን ሊቀርጽ መጥቶ ግራ እጁን ያጣው የዚያን ዕለት ነው፣ አብሮት የነበረው ጆን ማታይ ሞተ። እነዚህ ስማቸው የተመዘገበ ናቸው። የሰፈሩ ሰዎች ስም የተመዘገበበትን ቦታ አላየሁም።

ስንመለስ ጣሪያችን ተበስቷል። ግቢው ውስጥ፣ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ አጠገብ፣ ክንዴን የሚያክል ብረት ተሰክቷል። ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪያችን መጀመሪያ ያስተማረን ነገር መሬት ላይ ያገኘነውን ብረት እንዳንነካ ነው። ወንዶቹ ግን ቀለህ መልቀም ጀምረን ነበር። ብዩ ቀርቶ በቀለህ ሆነ ጨዋታው፣ አንድ ትልቅ ቀለህ በአምስት ትንንሽ ይመነዘራል። አባቴ ኪሴን ፈትሾ ያገኘ ቀን በቀበቶ ነው ያናገረኝ።

የአክስቴ ልጅ ክረምቱ ከገባ በኋላ መጣ። ብላቴ ሲፈርስ በኬንያ በኩል ነው የወጣው። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ስዋሂሊ ለቃቅሞ። እንደገባ አልጋ ሥር አጎንብሶ መጽሐፎቹን አየ። «ማነው የነካብኝ?» አለ። የደርግ ካድሬዎች ናቸው አልነው።

ግንቦት 20 ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዓል ሆነ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ። የሳሪስና የነፋስ ስልክ ሰው ግን ካወራ የሚያወራው ስለ 27 ነው። ማን አፈነዳው በሚለው ደግሞ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወቱ የሚጣሉ ሽማግሌዎች አሉን። መስታወት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር መስኮቱን ላስቲክ ወጥረንበት ከረምን። አባቴ መስታወት ያስገባው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ እሱንም የሳሎኑን ብቻ። የጓዳው ላስቲክ እኔ ዘጠነኛ ክፍል እስክገባ ነበር።